ከመኪናው የወረደው ወጣት

የዱርዬና የሽጉጥ ፊልም ለክርስቲያን ወጣት ምን ይረባዋል የሚሉ አሉ፤ ብዙውን ጊዜም እውነታቸውን ነው። ሆኖም ጆን ሲንግልተን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ገና በ23 ዓመቱ፣ በ1991 እ.ኤ.አ.፣ ለሕዝብ ያቀረበው «ቦይዝ ኤን ዘ ሁድ» (የሰፈሩ ልጆች እንደ ማለት ነው) ከእነዚያ የሚቈጠር አይደለም። መታየት ሲጀምር በአንዳንድ ሲኒማ ቤቶች አካባቢ ተኩስ ስለ ተነሣ ጠብ ቀስቃሽ ተብሎ ተነቅፎ ነበር። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ታሪኩ የሎስ አንጀለስ ደቡባዊ ሰፈር ነው። ትሬ የሚያድገው በአባቱ እጅ ነው፤ አባቱ ሥራ ያዝዘዋል፣ ይቈጣዋል፣ ቁጭ አድርጎም ይመክረዋል። ፊት ለፊት ያሉት ወንድማማቾች፣ ሪኪና ዶውቦይ፣ አባት ከቤታቸው የለም። እናታቸው በኳስ ችሎታው ዩኒቨርሲቲ ይገባል የተባለውን ሪኪን ታሞግሳለች፤ በልጅነቱ በስርቆት የታሰረውን ዶውቦይን ግን ትሰድባለች። አንድ ቀን በመንገድ ላይ በትከሻ መገፋፋት በተነሣ ጠብ ሪኪ ተተኵሶበት ይሞታል።

ትሬ የአባቱን ሽጉጥ ያነሣል። አባቱ ቢያስጥለውም በመስኮት ሾልኮ ከዶውቦይ መኪና ይገባል። መኪናው ሌሊቱን ገዳዮቹን ፍለጋ ሲዞር ግን አውርዱኝ አለ። ማንንም አልሰበከም፤ ማንንም አላስመለሰም፤ ወርዶ ሄደ። ዶውቦይ ገዳዮቹን አግኝቶ ገደላቸው።

ደጉ ወረደ፣ ክፉው ቀረ ብለን እዚህ ላይ እንዳናቆም እንፈራለን። እግዚአብሔር ቃየልን ረገመው፤ ዳሩ ግን ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው ምልክት አደረገለት። ነፍሰ ገዳዩ እንኳ ከአምላኩ ጥበቃ አልወጣም። በማግስቱ ጠዋት ዶውቦይ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ትሬ ይመጣል። ለምን እንደ ወረደ እንደ ገባው ይነግረዋል፤ ከእንግዲህ ወንድም የለኝም፣ እናቴም ከእኔ ይልቅ ሟቹን ትወድ ነበር ይላል። ትሬም አንድ ወንድም ገና አለህ ብሎ ያቅፈዋል። ልብ በሉ፣ ይህን የሚለው ትናንት ማታ ደም ላፈሰሰው ነው!

እኛስ? በየሰፈራችን «ከእርሱ ጋር እንዳትታዩ» የተባልንለት የቀድሞ የጨዋታ ጓደኛ አለን። አልተከተልነውም፤ መልካም አደረግን። ታዲያ በበዓል ቀን እንኳ ደጁን አንኳኩተን እንደምን ዋልህ ያልነው ስንቶቻችን ነን? ጊዜው ደግሞ ሁልጊዜ ረጅም አይደለም። ዶውቦይ ወንድሙን በቀበረ በሁለት ሳምንቱ ተገደለ።