ሎካል ማለትን አትርሺ

ልጄ፣ የሰርቨር አስተዳደር ሥራ መጀመርሽን ሰምቼ በጣም ደስ ብሎኛል። ሼል ስክሪፕት መጻፍሽ እንግዲህ አይቀርም። ሃያ መስመር ብለሽ የጀመርሽው ሦስት መቶ ይሆንብሻል፤ ያን ጊዜ ሥራውን በፈንክሽን ትከፋፍይዋለሽ። ደግ አደረግሽ፤ ግን አንቺ ፓይተን ተምረሽ የመጣሽ ነሽና ባሽ በሚባለው ሼል ላይ የሚያሰናክልሽን ነገር ከወዲሁ ልንገርሽ። ፓይተን ላይ ፈንክሽን ውስጥ የፈጠርሽው ቫሪያብል እዚያው ውስጥ ይቀራል። ባሽ ላይ ግን «ሎካል» ካላልሽው የስክሪፕቱ ሁሉ ነው። ፈንክሽኑ ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ ቫሪያብሉ ከነያዘው ነገር ይቆያል፤ በዚያው ስም ሌላ ቫሪያብል ከነበረም ተደምስሷል።

ጉዳቱ እንዲታይሽ አንድ ስክሪፕት እንይ። አምስት ዳታቤዞችን በተራ ባክአፕ ያደርጋል። ሉፑ የሚቆጥረው «አይ» በሚባል ቫሪያብል ነው፤ ከ0 ይነሳል፣ ከ5 እስካነሰ ድረስ ይዞራል። በየዙሩ ባክአፑ እንዳለቀ ፋይሉን ለሦስት ሰርቨሮች የሚያደርስ ፈንክሽን ይጠራል። የፈንክሽኑ ሉፕም የሚቆጥረው በ«አይ» ነው፤ ሎካል አልተባለም። እንግዲህ ተከተዪኝ። የመጀመሪያው ዳታቤዝ ተገለበጠ፤ ፈንክሽኑ ሦስቱን ሰርቨሮች አዳርሶ ሲመለስ «አይ» 3 ሆኗል። የውጪው ሉፕ አንድ ይጨምርና 4 ይሆናል፤ አምስተኛው ዳታቤዝ ይገለበጣል። ፈንክሽኑ ደግሞ ይጠራል፣ «አይ»ን ወደ 3 ይመልሰዋል፣ እንደገና 4 ይሆናል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ዳታቤዝ ጨርሶ አይነኩም፤ አምስተኛው ግን አንድ ሰው እስኪያስቆመው ድረስ ሲገለበጥ ያድራል።

ሰርቨሮቹ ሦስት መሆናቸው ቀርቶ አሥር ቢሆኑስ? ፈንክሽኑ ሲመለስ «አይ» 10 ነው፤ የውጪው ሉፕ «አልፌአለሁ» ብሎ ያበቃል። አንድ ዳታቤዝ ብቻ ተገልብጦ ስክሪፕቱ ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት በሰላም ይጨርሳል። እኔ ከማያቆመው ይልቅ ይኼኛውን እፈራለሁ፤ የማያቆመውን ቢያንስ ጠዋት ስትገቢ ታገኚዋለሽ። የሁለቱም መድኃኒት በፈንክሽኑ መጀመሪያ መስመር ላይ «ሎካል አይ» ብሎ መጻፍ ነው።

«የውጪውን ሉፕ ሌላ ፈንክሽን ውስጥ አስገብቼ የእሱን ‹አይ› ሎካል ባደርገውስ?» ትይ ይሆናል። አይጠቅምሽም። ባሽ ላይ የጠሪው ሎካል ቫሪያብል ለተጠሪው ይታየዋል፤ ሊለውጠውም ይችላል። ስለዚህ ሎካል ማለት ያለበት ተጠሪው ፈንክሽን ራሱ ነው። እኔ የምመክርሽ ፈንክሽን በከፈትሽ ቁጥር መጀመሪያ የተላከለትን እነ ዶላር አንድንና ዶላር ሁለትን ትርጉም ባላቸው ሎካል ስሞች ተቀበዪ፤ የሉፕ መቁጠሪያውንም እዚያው አስታውቂ። (ስሞቹን እዚህ በፊደላችን የጻፍኩልሽ ለንባብ እንዲመች ነው፤ ባሽ ለቫሪያብል ስም የሚቀበለው የእንግሊዝኛ ፊደላትን፣ አኃዝንና የታች ሰረዝን ብቻ ነው።)

አሁን ደግሞ ሎካልን መጠቀም የለመዱት ሰዎች ራሳቸው የሚስቱትን ልንገርሽ። የአንድን ኮማንድ ውጤት በሎካል ቫሪያብል ስትይዢ ማስታወቁንና መሙላቱን በአንድ መስመር አታድርጊው። ሎካል ራሱ ኮማንድ ነው፤ እሱ ከተሳካለት 0 ይመልሳል። በውስጡ የጠራሽው ኮማንድ ቢወድቅም የውድቀቱ ቁጥር በሎካል 0 ይሸፈናል፤ ስክሪፕቱን ስሕተት ሲያጋጥም እንዲቆም ብታዝዢውም አይቆምም። በአንዱ መስመር ስሙን ሎካል አድርጊ፣ በሚቀጥለው ሙዪው። ሼልቼክ የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ፤ ይህን ስሕተት ለይቶ ያሳይሻል። ጫኚውና ከጎንሽ አይለይ።

ፈንክሽኑ መልስ የሚሰጥበትን መንገድም እወቂ። «ሪተርን» የተሳካና ያልተሳካ መሆኑን መናገሪያ ነው እንጂ ዕቃ ማቀበያ አይደለም፤ ከ0 እስከ 255 ብቻ ይይዛል። 300 ፋይል ቆጥረሽ በሪተርን ብትመልሺ ጠሪው ጋ የሚደርሰው 44 ነው፤ 256 ብትመልሺ ደግሞ 0 ሆኖ ይደርሳል፣ ማለትም «ተሳክቷል»። ውጤቱን በ«ኢኮ» አውጪው፣ ጠሪውም በቅንፍ ይያዘው። ታዲያ «ጀምሬአለሁ፣ ጨርሻለሁ» የሚሉ መልእክቶችን ወደ ስሕተት መውጫው ላኪያቸው፤ አለበለዚያ ከውጤቱ ጋር ተቀላቅለው ቫሪያብሉ ውስጥ ይገባሉ።

ሼል ለምን እንዲህ ሆነ ብለሽ እንዳትማረሪበት። በ1979 እ.ኤ.አ. ከዩኒክስ 7ኛ እትም ጋር የወጣው የስቲቭ ቦርን ሼል ፈንክሽን የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ኋላ የተጨመረ ነው። የፖዚክስ ደረጃም እስካሁን ሎካልን አላካተተም፤ ባሽና ዳሽ የሚባለው ሌላ ሼል ግን ያውቁታል። ኡቡንቱ ላይ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ኤስኤች» ብለሽ የምትጠሪው ዳሽ ነው፤ የባሽን ልዩ ነገሮች የምትጠቀሚ ከሆነ የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ባሽን በስሙ ይጥራ።

ከሌላ ሰው የተረከብሽው የቆየ ስክሪፕት ሲያጋጥምሽ ግን ሎካልን በየፈንክሽኑ በጅምላ አትበትኚ። አንዳንዱ ፈንክሽን ቫሪያብሉን የሚሞላው ሆነ ብሎ ነው፤ ከታች ሌላ ፈንክሽን ይጠብቀዋል። መጀመሪያ እያንዳንዱን ስም በፋይሉ ሁሉ ፈልጊ፤ ከፈንክሽኑ ውጪ የማይነበበውን ብቻ ሎካል አድርጊ። ከዚያ በእውነተኛው ዳታ ላይ ሳይሆን በቅጂው ላይ አሂጂው።