ሯጩ ተማሪና የማይጠወልገው አክሊል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፤ ይልቁንም ማለዳ በሜዳ ሮጣችሁ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት የምትገሠግሡ ወጣቶች ሆይ፤ ዛሬ የምጽፍላችሁ ቃል ከራሴ ስሕተት የተገኘ ነውና አስቀድሜ ስሕተቴን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከንስሓ ልጆቼ አንዱ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ወደ እኔ መጣ። ከትምህርት ቤቱ ተማሪዎች መካከል ፈጣን ሯጭ ነበረ፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም ሕፃናትን ፊደል ያስቈጥር ነበር። «አባቴ፤ የሩጫው ልምምድና የሕፃናቱ ትምህርት ሰዓታቸው ተጋጨብኝ፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ነገሩን ሳልመረምር፣ «ልጄ፤ ሩጫ የሥጋ ጨዋታ ነው፤ ሐዋርያውም የሥጋ ልምምድ ጥቅሙ ጥቂት እንደ ሆነ ጽፏልና ሩጫውን ተው» ብዬ አሰናበትሁት። ልጁ እጅ ነሥቶ ሄደ፤ ነገር ግን የተወው ሩጫውን ሳይሆን ሕፃናቱን ነበረ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ሁሉ በውድድር ላይ ብቻ ሆነ። በዓመቱ ጉልበቱ ታሞ ሩጫው በተቋረጠ ጊዜ፣ የሚይዘው ሌላ ነገር አልነበረውምና ትምህርቱንም ተወ፤ ሰውንም ሸሸ። እናቱ እያለቀሰች መጥታ በነገረችኝ ዕለት፣ ይህን ልጅ የጣለው ጉልበቱ ብቻ ሳይሆን የእኔም ምክር መሆኑን ዐወቅሁ።

የተሳሳትሁት በምን ነበረ? ሐዋርያው «ጥቂት» አለ እንጂ «ከንቱ» አላለም። ጥቂት የሚጠቅመውን ነገር ብዙ ወደሚጠቅመው እንዲያደርስ አድርጎ መምራት የመምህር ሥራ ነበረ፤ እኔ ግን ሁለቱን አጣልቼ ልጁን በመካከል ተውሁት። እንግዲህ ዓላማ ምን እንደሚያደርግ፣ አገልግሎትም ምን እንደሚያደርግ፣ ሁለቱ ሲተባበሩ ደግሞ ተማሪውን ምን ዓይነት ሰው እንደሚያደርጉት በቅደም ተከተል እንመልከት።

አንደኛ፤ ስለ ዓላማ። ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከተማ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጦ ማስተማሩን የሐዋርያት ሥራ በ18ኛው ምዕራፍ ይነግረናል። በዚያች ከተማ አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ የሩጫና የትግል ውድድር ይደረግ ነበር፤ ለአሸናፊውም የሚሰጠው አክሊል ከቅጠል የተጎነጎነ፣ ጥቂት ቀን ሰንብቶ የሚጠወልግ ነበር። ስለዚህ ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያው መልእክት በ9ኛው ምዕራፍ ሯጩን ምሳሌ አድርጎ ሲያነሣ፣ ሰሚዎቹ በዓይናቸው ያዩትን ነገር መናገሩ ነው። ሯጭ ወዴት እንደሚሮጥ ያውቃል፤ ስለዚያም ሥፍራ ሲል በምግቡ፣ በእንቅልፉ፣ በፈቃዱ ሁሉ ራሱን ይገዛል። ለሚጠወልግ ቅጠል ይህን ያህል የሚደከም ከሆነ፣ ለማይጠወልገው አክሊል እንዴት ይልቅ ሊደከም አይገባም? ሐዋርያው ሯጩን አልነቀፈውም፤ መምህር አደረገው እንጂ።

ዓላማ ማለት ግን ምኞት ማለት አይደለም። «እንደ እገሌ ዝነኛ በሆንሁ» ማለት ምኞት ነው። ዓላማ ደረጃ አለው። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት ከፊደል ገበታ ሳይነሣ ቅኔ ልዝረፍ የሚል ተማሪ የለም፤ ፊደሉን ለይቶ ወደ ንባብ፣ ንባቡን አጥንቶ ወደ ዳዊት፣ ከዚያም ወደ ዜማና ወደ ቅኔ ይሸጋገራል እንጂ። ሯጭ ተማሪም እንዲሁ ለሳምንቱ፣ ለወሩ፣ ለዓመቱ የሚደርስበትን ወስኖ መጻፍ ይገባዋል። ከሩጫው አጠገብም የሂሳቡንና የቋንቋውን ትምህርት አብሮ ይጻፍ። በአርሲ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ወደ ትምህርት ቤት ይመላለስ ነበር፤ ደብተሩን በግራ እጁ ይዞ ይሮጥ ስለ ነበረ፣ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ በ10,000 ሜትር ሲያሸንፍ የግራ ክንዱ መጽሐፍ እንደ ያዘ ሰው ታጥፎ ይታይ ነበር። የትምህርት ቤቱ መንገድ የልምምድ መንገድ ሆነለት ማለት ነው።

ነገር ግን ዓላማ ብቻውን ሲቀር አደጋ አለው። ሌላ የማይመለከት ዓላማ ጣዖት ይሆናል። ዕድሜን ቀንሶ የሚያስጽፍ፣ የተከለከለ መድኃኒት የሚወስድ ሯጭ ዓላማ ያጣ ሰው አይደለም፤ ከዓላማው በላይ ሌላ ጌታ ያጣ ሰው ነው። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ እንዳስተማረው ደግሞ በሕግ ያልተወዳደረ አክሊል የለውም።

ሁለተኛ፤ ስለ አገልግሎት። እኔ በቅኔ ቤት በነበርሁበት ዘመን ማናችንም ተማሪ ብቻ አልነበርንም። አንዱ ውኃ ይቀዳል፤ አንዱ እንጨት ይለቅማል፤ ባልንጀራው የታመመበት ለሁለት ሰው የሚሆን ቁራሽ ለምኖ ይመጣል። ቀድሞ የገባው ደግሞ ለኋለኛው ያስነግራል። የኔታ ይህን የሚያደርጉት ድካማቸውን ለማቅለል ብቻ እንዳልነበረ በኋላ ገባኝ፤ ለሌላው ያስነገረ ተማሪ የራሱ ትምህርት ይጸናለታልና፣ ዕውቀቱም አያስታብየውምና ነው።

ይህ ነገር በሜዳም ይታያል። በአርሲ በምትገኘው በበቆጂ ከተማ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሳሉ ተማሪዎችን ሩጫ ያስለምዱ ጀመር፤ ከዚያች ትንሽ ከተማም ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ወጡ። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ የወርቅ ባለ ድል በሆነች ጊዜ፣ ሁለተኛ ከወጣችው ከደቡብ አፍሪካዊቱ ከኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ሜዳውን ዞረች። በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በኒውዮርክ ማራቶን ደግሞ፣ ታላቂቱ ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍ በእግር ሕመም ወደ ኋላ ስትቀር አይታ፣ አይዞሽ በርቺ እያለች አበረታታቻት፤ ውድድሩንም ያሸነፈችው ራስዋ ደራርቱ ነበረች። ለሌላው ማዘን ከሩጫ ያዘገያል የሚል ሰው ይህን ይመልከት።

ሦስተኛ፤ ሁለቱ ሲተባበሩ። ዓላማ ያለ አገልግሎት ራስ ወዳድ ያደርጋል፤ አገልግሎትም ያለ ዓላማ ሥርዓት ያጣል። ሁለቱን የያዘ ተማሪ ግን ድል ሲያደርግ አይታበይም፤ ቢወድቅም አይጠፋም። ሻምበል አበበ ቢቂላ ተማሪ ሳይሆን የክብር ዘበኛ ወታደር ነበረ፤ ነገር ግን ለተማሪ ሁሉ ትምህርት የሚሆን ሕይወት ነበረው። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። ከሮጠባቸው መንገዶች አንዱ የአፒያ ጎዳና ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስም እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም የገባው በዚያው ጎዳና ነበር። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር ሳይሞላው እንደ ገና አሸነፈ። በ1961 ዓ.ም. ግን በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ሩጫ ያለ እግር ምን ይሆናል? አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1966 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ እግሩ ቢታሰርም ሰውነቱ አልታሰረም።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፤ ይህን ምክር ተቀበሉ። ዓላማችሁን ጽፋችሁ ለአሠልጣኛችሁና ለንስሓ አባታችሁ አሳዩ፤ የልምምዱንና የጾሙን ነገርም ከሁለቱ ጋር ተማከሩ፤ በድብቅ አትወስኑ። በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ብትሆንም፣ ክፍያ የሌላትን ሥራ ለይታችሁ ያዙ፤ ታናናሾችን አስጠኑ፣ ለአረጋዊት ጎረቤት ውኃ ቅዱ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር ጥረጉ። ውድድር በቀረበ ጊዜ ይህችን ሰዓት ማሳጠር ይቻላል፤ ፈጽሞ መተው ግን አይገባም።

እናንተም ወላጆች፣ መምህራንና ካህናት፤ ልጅ «ከሁለቱ የትኛውን ልተው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ለመመለስ አትቸኩሉ። ሰዓት ማስማማት እንጂ መተው የማያሻበት ጊዜ ብዙ ነው።

ያን ልጅ ከቤቱ ሄጄ አገኘሁት። «ልጄ፤ በችኮላ መክሬሃለሁና ይቅር በለኝ፤ ሕፃናቱም ወዴት ሄደ እያሉ ይጠይቁኛል» አልሁት። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፣ «አባቴ፤ አሁን ምን ይዤ እሄዳለሁ?» አለኝ። «ፊደሉን ይዘህ» አልሁት። በሚቀጥለው እሑድ እያነከሰ መጣ። ዛሬ ትምህርቱን ፈጽሟል፤ ጉልበቱ ፈጽሞ አልዳነም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ቆሞ ለታናናሾቹ ሯጮች ሰዓት ይይዛል፤ እሑድ ደግሞ ሕፃናቱን ፊደል ያስቈጥራል። እርሱ ያላገኘውን የቅጠል አክሊል ከእነርሱ አንዱ ያገኝ ይሆናል። የማይጠወልገውን ግን እርሱ ራሱ ይሮጥለታል፤ ለዚያኛው ሩጫ የታመመ ጉልበት አይከለክልምና።

እግዚአብሔር አምላካችን ወጣቶቻችንን በዓላማ ያጽናልን፤ በአገልግሎት ያስውብልን፤ እኛንም ከችኩል ምክር ይጠብቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።