የአደን ጠመንጃ ድምፅና የሕሊና ጥያቄ

በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘን ከአገራችን በቀር በሌላ ምድር አይገኝም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳትን በፈቃድ ማደንን ፈቅዷል። ታዲያ አዳኙ በጠመንጃው አፈሙዝ ላይ የድምፅ ማፈኛ እንዲገጥም መፍቀድ ተገቢ ነውን?

የአደን ጠመንጃ ተኩስ ከ140 ዴሲቤል በላይ ስለሆነ ጆሮን ይጎዳል፤ ማፈኛው ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ያህል ይቀንሰዋል። ስለዚህም በፊንላንድና በኖርዌይ አዳኞች ይጠቀሙበታል። የአዳኙንና አብረውት የሚሄዱትን መሪዎች ጤና መጠበቅ መልካም ነው፤ ይህን የሚነቅፍ የለም።

ነገር ግን ጥቅሙን ማን እንደሚያገኝ፣ ጉዳቱንም ማን እንደሚሸከም መመርመር ይገባናል። ጠባቂዎች ጥቂት በሆኑበት ሰፊ ተራራ የተኩስ ድምፅ ምስክር ነው፤ ያለ ፈቃድ የሚያድነውን ያጋልጣል፣ እረኛውንም ያስጠነቅቃል። ማፈኛው ድምፁን ፈጽሞ ባያጠፋውም ከየት እንደ መጣ ለመለየት ያስቸግራል። ጆሮን በጆሮ መድፈኛ መጠበቅ ይቻላል፤ የጠፋን ዘር ግን የሚመልስ የለም።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2418 እንስሳትን ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየትም ሆነ መግደል ከሰው ክብር ጋር እንደማይስማማ ያስተምራል። ስለዚህ መሣሪያው በራሱ ክፉ ነው አንልም፤ ጠባቂው በማይገኝበት ሥፍራ ግን ሊፈቀድ አይገባም እንላለን። በሕግ የሚያድን ሰው ተኩሱ ቢሰማ የሚያፍርበት ነገር የለም፤ ከዝምታው ይበልጥ የሚያተርፈው በስውር የሚያድነው ነውና።