ያልመጣው በሽተኛ

የሐኪም ዕዳ ለማን ነው? ጥያቄው የዋህ ይመስላል። ፊቱ ለተቀመጠው በሽተኛ ነዋ! ብለን እንመልሳለን። ሐኪም በበዛበት አገር ይህ መልስ ያስኬድ ይሆናል። ለአንድ ሙያ ጥቂት ሰዎች ብቻ ባሉበት አገር ግን ነገሩ እንዲህ አይቀልም። እኔን ሲያብሰለስለኝ የሰነበተው የአንጎልና የነርቭ ሕክምና ነገር ነው፤ ምሳሌዬም የሚጥል በሽታ ይሆናል።

ይህን በሽታ ያላየ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። አውቶቡስ ተራ፣ ገበያ መሐል ወይም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አንድ ሰው ድንገት ይወድቃል፤ አረፋ ይደፍቃል፤ ሰው ከብቦ ይቆማል። ጭሱን እንዲያሸተው «ክብሪት! ክብሪት!» የሚል አይጠፋም። ክብሪቱ የሚፈይደው ነገር የለም። የሚበጀው ሊጎዳው የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ ማራቅና መንዘፍዘፉ ሲያበቃ በጎኑ ማስተኛት ነው። ግን «ይተላለፋል» ስለሚባል ብዙ ሰው ለመንካት ይፈራል። በገጠር ምድጃ ላይ የወደቀ ልጅ እንኳ በዚሁ ፍርሃት የተነሣ ቶሎ የሚያነሣው ላያገኝ ይችላል። በሽታው ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቡታጅራና በአካባቢዋ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ አንድ ሰፊ ጥናት ተካሂዶ ነበር። የመሩት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በሽተኛው እስኪመጣ ሆስፒታል ውስጥ ቁጭ ብለው አልጠበቁም፤ ቤት ለቤት እየተዞረ እንዲጠየቅ አደረጉ። ከ60 ሺህ በላይ በሆነ ሕዝብ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች ተገኙ። ከሺህ ሰው አምስት ያህል መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከታተመው ውጤት እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል በታወቀ ዘመናዊ መድኃኒት የታከሙት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። በሰው ሲሰላ አምስት ሰው ቢሆን ነው። የቀሩት ከሦስት መቶ በላይ የሚሆኑት ሰልፍ ላይ አልነበሩም፤ ሰልፉን ብቻ የሚያይ ሐኪም ደግሞ መኖራቸውንም አያውቅም።

ታዲያ ያ ሁሉ ቤት በሚቆጠርበት ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የነርቭ ሐኪም ይጠብቅ የነበረ ሰው አይኖርም? መኖሩ አይቀርም። ይህ ነው የሚከብደኝ። ለማይታየው ሲባል የሚታየው ይጠብቃል።

መድኃኒቱ ገና ያልተገኘ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ፊኖባርቢታል የሚባለው ኪኒን ለዚህ በሽታ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ይዋጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከበሽተኞቹ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት በአግባቡ ቢታከሙ ሳይጥላቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ይሁንና ኪኒኑ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ በድንገት ከተቋረጠ በሽታው ብሶ፣ አንዳንዴም ለሞት በሚያደርስ ሁኔታ ይመለሳል። እንግዲህ አስቡት። ሦስት ወር ደህና የሰነበተች ልጅ በአራተኛው ወር ጤና ጣቢያው «መድኃኒቱ አልቋል» ቢላት፣ ወይም ጠበል ስትገባ «ኪኒኑን ተዪ» ብትባል፣ የስፔሻሊስቱ ዕውቀት ምን ያደርግላታል? ጠበሉንና ኪኒኑን ጎን ለጎን መያዝ እንደሚቻል ከካህኑ ጋር ተቀምጦ መነጋገር፣ የመድኃኒት ግዢ ስብሰባ ላይ ገብቶ መጨቃጨቅ፣ ለእኔ ከሕክምናው የሚለዩ ሥራዎች አይደሉም። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2022 ለሚጥል በሽታና ለሌሎች የነርቭ በሽታዎች እስከ 2031 የሚዘልቅ ዕቅድ አጽድቋል። መልካም ነው። ግን ጄኔቫ ላይ የጸደቀ ወረቀት ወረዳ ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ በራሱ ኪኒን አያስቀምጥም።

በአገራችን ዕውቀትን ደብቆ መያዝ የቆየ ልማድ ነው። መድኃኒት አዋቂው ሥሩን ሲምስ ሰው እንዲያየው አይፈልግም፤ ስሙ ከተነገረ ኃይሉን ያጣል ይባላል፤ ለልጁም ቢሆን የሚነግረው ሞቱ ሲቃረብ ነው። ነጭ ጋዋን ለብሶ ይህንኑ ልማድ ይዞ የገባ የለም ትላላችሁ? «ነርስ ደግሞ የሚጥል በሽታ ታክም?» የሚል ቁጣ በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ አዋቂ ነው። እነሆ በጎንደርና በጅማ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ ያሉ ሐኪሞች እየመሩት፣ ነርሶች በየጤና ጣቢያው በፊኖባርቢታል በሽተኞችን ሲያክሙና ሲከታተሉ ቆይተዋል።

የተቃዋሚዎቹ ሐሳብ ባዶ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ከመጣሉ ጀርባ የአንጎል ዕጢ ቢኖርስ? ነርሷ ልትስት ትችላለች። የእኔ መልስ የነርሷን ሥራ የምታመዛዝኑት ከማን ጋር ነው የሚል ነው። በዚያ ወረዳ ስፔሻሊስት የለም፤ ያለው ባዶ ወንበር ነው። ደግሞም የሚያስተምር ሰው ትልቅ ሸክም ይወስዳል፦ ተመልሶ መጎብኘት፣ የከበደውን በሽተኛ መቀበል፣ ስትሳሳት አብሮ መጠየቅ። አንድ ሳምንት አሠልጥኖ፣ የምስክር ወረቀት አድሎና ፎቶ ተነሥቶ መመለስን መሪነት ብሎ ለመጥራት አፌ አይደፍርም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ደረጃ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በፊት ሙያውን የፈለገ ሐኪም ባሕር መሻገር ነበረበት፤ ከተሻገሩት ሐኪሞቻችን መካከል ደግሞ ስንቱ እንደቀረ ሁላችንም እናውቃለን። የተሰደደውን መውቀስ እንወዳለን። ፓስፖርት ሳያወጣ የሚሰደድም አለ፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ መክፈል የሚችለውን ብቻ እያየ። በእርግጥ ደመወዙን ለሚያውቅ ሰው ፍርዱ ከባድ ነው፤ ልጆች ያሳድጋል፤ የቤት ኪራይ ይከፍላል። ይልቅ የሚያናድደኝ መንግሥቱም ማኅበረሰቡም ዕድሜውን በማስተማር የጨረሰውን ሐኪም ሲያመሰግኑ አለመስማቴ ነው። በጀርባዋ አዝላ ያመጣቻትን ልጅ ያዳነላትን ሐኪም እናት ትመርቀዋለች። ከሦስት ወረዳ ማዶ፣ እሱ ያስተማራት ነርስ ያከመችው ልጅ እናት ግን ስሙን እንኳ አታውቅ።

እንግዲህ ማክሰኞ ጠዋት ነው እንበል። ሐኪሙ የመድኃኒት ግዢ ስብሰባ አለበት፤ ክፍሉ ደጃፍ ደግሞ ሌሊቱን ስትጓዝ ያደረች እናት ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ለእኔ ይሂድ። የሚመጣው ዓመት የኪኒን ብዛት የሚወሰነው እዚያ ነው፤ እሱ ከቀረ ስለዚያ ኪኒን የሚናገር አይኖርም። ይህን ግን ለእሷ ፊት ለፊት የምናገርበት ዓይን የለኝም። ቢያንስ በሩ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ፈንታ አንድ ሰው ወጥቶ «እናቴ፣ ሐኪሙ ዛሬ የለም፤ ሐሙስ ጠዋት ይገባል፤ ስምሽን ጽፌያለሁ» ይበላት፤ እስከ ሐሙስም የት እንደምታድር ይጠይቃት።