የመምህር ሥራ መምህሩ ከሄደ በኋላ ይታወቃል

አናጢ የሠራው ወንበር አናጢው ዘወር ቢል ወንበርነቱን አይለቅም፤ ሸማኔ የሠራው ጋቢም ሸማኔው በሌለበት ያሞቃል። የመምህር ሥራ ግን እንዲህ አይደለም። መምህር የሚሠራው በእንጨት ወይም በድር ላይ ሳይሆን በሌላ ሰው አእምሮና ፈቃድ ላይ ስለሆነ፥ በፊቱ ያማረው ሁሉ እርሱ ከደጅ ሲወጣ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ አንድ መምህር መልካም መሆኑን ለማወቅ፥ ተማሪው በመምህሩ ፊት ምን ይሠራል ብለን ብቻ ሳይሆን፥ መምህሩ በሌለበት ሰዓት ምን ይሠራል ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

ይህን ጥያቄ በማስተማር ሥራ ሁሉ ላይ ማንሣት ይቻላል። እኛ ግን ዛሬ ልንመረምረው የፈለግነው በአንድ ጠባብ ቦታ፥ ይኸውም ፒያኖ በሚያስተምር የግል መምህር ላይ ነው፤ ቦታው ጠባብ ቢሆንም ነገሩ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነውና። የትምህርት ቤት መምህር ዲሬክተር አለው፤ ኢንስፔክተር ይጎበኘዋል፤ ፈተናም ሥራውን ይገልጥበታል። የግል መምህር ግን ከአንድ ልጅ ጋራ በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን ነው። ወላጆች በጎን ካለው ክፍል ሆነው የሚሰሙት ዜማውን እንጂ ትምህርቱን አይደለም። ዋጋውም የሚከፈለው በሰዓት ስለሆነ፥ ተማሪው ቢዘገይ መምህሩ የሚጎድልበት ነገር የለም፤ እንዲያውም ተማሪው ያለ እርሱ ምንም ማድረግ ባይችል የመምህሩ ኑሮ ይደላደላል። እንግዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ዳኛ ሆኖ የሚቀመጥ ኅሊና ብቻ ነው።

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ተማሪው በሳምንት አንድ ሰዓት ከመምህሩ ጋራ ቢቀመጥ፥ 167ቱ ሰዓት መምህር የሌለበት ነው። ልምምድ የሚባለው ሁሉ የሚሠራው ደግሞ በዚያ ጊዜ ነው። ልጁ ስሕተቱን ሳይሰማ ሠላሳ ጊዜ ቢደጋግመው፥ ስሕተቱን ሠላሳ ጊዜ ተማረው ማለት ነው፤ ጣት የሚለምደው የተሠራውን እንጂ የታሰበውን አይደለምና። እንዲህ ከሆነ የአንዲቱ ሰዓት ዋና ተግባር ለ167ቱ ሰዓት ስንቅ ማስያዝ ነው። ብዙ መምህራን የሚሳሳቱት ግን እዚህ ላይ ነው። አንዲቱን ሰዓት ራሷን እንደ ግብ ይቈጥሯታል።

ፈተናው የሚመጣው እንዲህ ነው። ወላጆች እንግዳ በተሰበሰበበት ቀን ልጃቸው አንድ ያማረ ዜማ እንዲጫወት ይመኛሉ። መምህሩም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ልጁን ጣት በጣት፥ ኖታ በኖታ እየመራ፥ «ይህን ጠንከር አድርግ፥ ይህን ለስለስ አድርግ» እያለ አንዱን ዜማ ወራት ሙሉ ያስጠናዋል። በተባለው ቀን ልጁ ይጫወታል፤ እንግዶች ያጨበጭባሉ፤ ወላጆች ደስ ይላቸዋል፤ መምህሩም ይመሰገናል። ነገር ግን በማግሥቱ ከዚያ ዜማ በጣም የቀለለ አዲስ ገጽ ፊቱ ላይ ቢዘረጉለት ልጁ አንዱን መስመር እንኳ ማንበብ ያቅተዋል። ማንም አልዋሸም፤ ገንዘብም አልተሰረቀም፤ ይሁን እንጂ አንድ ነገር ጎድሏል። ልጁ የመምህሩን ጆሮ ተዋሰ እንጂ የራሱን ጆሮ አላገኘም።

ከዚህ የጠለቀ ፈተናም አለ፤ ይህም በሰነፍ መምህር ላይ ሳይሆን በብርቱው ላይ የሚደርስ ነው። በጀርመን አገር በላይፕሲኽ ከተማ የነበረውን ፍሪድሪኽ ቪክን እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ቪክ ሴት ልጁን ክላራን ከኖታ አስቀድሞ በጆሮ እንድትጫወት አስተማራት፤ ልምምዷን በልክ አደረገላት፤ ከቤት ውጭ በእግር መንሸራሸርንም ከትምህርቱ ጋራ ቈጠረላት። ዘዴው የሚመሰገን ነበር፤ ፍሬውም ታየ። ክላራ በ1830 ዓ.ም. በ11 ዓመቷ በላይፕሲኽ ታላቅ አዳራሽ በስሟ የሙዚቃ ትርዒት አቀረበች። ነገር ግን ይኸው አባት የልጁን የቀን ማስታወሻ ራሱ በእጁ፥ እርሷ የተናገረች አስመስሎ «እኔ» እያለ ይጽፍላት ነበር። ካደገች በኋላም የሙዚቃ ደራሲውን ሮበርት ሹማንን ለማግባት በፈለገች ጊዜ እምቢ አለ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1840 ዓ.ም. ጋብቻው በዳኛ ፈቃድ ተፈጸመ። አባትና ልጅ በኋላ ታርቀዋል፤ እርሷም ለትምህርቱ የነበራትን ምስጋና አልደበቀችም። እኛም ቪክን ለመንቀፍ አይደለም የጠቀስነው። ጣትን ፍጹም አድርጎ ማስተማር የሚችል መምህር፥ ተማሪውን መልቀቅ ሲያቅተው ምን እንደሚሆን ለማሳየት ነው። «የኔ ተማሪ» የሚለው ቃል ፍቅር ያለበት ቃል ነው፤ ዳሩ ግን «የኔ» የምትለው ቃል ከ«ተማሪ» በላይ ስትገን ባለቤትነት ትሆናለች።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነውን ደግሞ በቪየና ከተማ እናገኛለን። ካርል ቼርኒ ገና ልጅ ሳለ ቤትሆቨን ተቀብሎ አስተማረው። ታላቁ ደራሲ ይህን ልጅ በራሱ ድርሰቶች አላስጀመረውም። ከሁሉ አስቀድሞ ስኬሎችን፥ የእጅን አቀማመጥና የአውራ ጣትን አጠቃቀም አስጠናው፤ ኢማኑኤል ባኽ በ1753 ዓ.ም. ስለ ባለ ቁልፍ መሣሪያዎች አጨዋወት ያሳተመውን መጽሐፍም እንዲያመጣ አዘዘው። ቼርኒ በተራው መምህር በሆነ ጊዜ ፍራንዝ ሊስት የሚባል ሕፃን ወደ እርሱ መጣ። ሕፃኑ ተሰጥዎው የሚያስደንቅ ነበር፤ ነገር ግን የጣት ሥርዓት አያውቅም፤ ምቱንም አይጠብቅም ነበር። ቼርኒ በተሰጥዎው ተደንቆ ወዲያው ለሕዝብ አላሳየውም። ወደ መልመጃና ወደ ቀና ምት መለሰው፤ አዳዲስ ገጾችንም ፈጥኖ እንዲያነብ አስለመደው፤ ዋጋም አልተቀበለውም። ሊስት በ1852 ዓ.ም. ያሳተማቸውን እጅግ ከባድ የፒያኖ ጥናቶች ለዚህ ለቀድሞ መምህሩ አበረከተለት፤ እርሱም በሽምግልናው በቫይማር ከተማ ብዙ ተማሪዎችን ያለ ዋጋ ያስተምር ነበር። ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው የጣት ጥበብ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

መምህር ሁሉ ያለ ዋጋ ያስተምር ማለታችን አይደለም፤ ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል። የምንለው ዋጋው የተከፈለበት ነገር ምን እንደሆነ መምህሩ አጥርቶ ይወቅ ነው። የተከፈለው ተማሪው ቀስ በቀስ መምህሩን የማይፈልግ እንዲሆን ነው።

ይህም በተግባር ሲታይ ትንንሽ ነገር ነው። ተማሪው ሲሳሳት መምህሩ ወዲያው «እዚህ ላይ ተሳስተሃል» ከማለቱ በፊት «ምን ሰማህ?» ብሎ ይጠይቅ። ልጁ ዝም ቢል፥ ያ ዝምታ ለመምህሩ ረዥም ይመስለዋል እንጂ የትምህርቱ እምብርት እርሱ ነው። ስሕተቱ የቱ ጋ እንደ ጀመረ ልጁ ራሱ ይፈልገው፤ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ከመመለስ ይልቅ ያችን ሁለት ሦስት ልክ ለይቶ፥ አንዱን እጅ ብቻ፥ በዝግታ እንዲሠራት ይልመድ። ሲሰናበቱም «ይህን ገጽ ተለማመድ» ማለት አይበቃም፤ ልጁ ነገ ማለዳ ብቻውን ሲቀመጥ መጀመሪያ ምን እንደሚሠራና ልክ መሆኑን በምን እንደሚያውቅ በራሱ አንደበት ይናገር። ይህን መናገር ካልቻለ ትምህርቱ ገና አላለቀም።

ታላላቆቹም ከዚህ አልራቁም። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በ1720 ዓ.ም. ለዘጠኝ ዓመት ልጁ ለቪልሄልም ፍሪደማን የመማሪያ ደብተር ጀመረለት። ከዚያ ደብተር ውስጥ የነበሩትን ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ድምፅ ድርሰቶች በ1723 ዓ.ም. ሲያዘጋጃቸው፥ ዓላማቸው ተማሪው ድምፆቹን አጥርቶ እንዲጫወትና እንደ መዝሙር እንዲያዜም ብቻ ሳይሆን፥ የመድረስንም ጥበብ ገና ከወዲሁ እንዲቀምስ መሆኑን በመግቢያው ገልጿል። በፓሪስ በማስተማር ይኖር የነበረው ሾፓን ደግሞ፥ ለዓይን ቀላል በሆነው በነጮቹ ቁልፎች ስኬል አያስጀምርም ነበር። ረዣዥሞቹ ጣቶች በጥቁሮቹ ቁልፎች ላይ ተመቻችተው የሚያርፉበትን የሲ ሜጀር ሳይሆን የቢ ሜጀርን ስኬል ያስቀድም ነበር፤ ለንባብ የሚቀለው ለእጅ እንደሚከብድ ያውቃልና። በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ መለማመድንም አይወድም ነበር። ሁለቱም የጀመሩት ከመጽሐፉ ሳይሆን ከተማሪው ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ፥ «ታዲያ ልጅን ለራሱ መተው ቸልተኝነት አይሆንም ወይ?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው። የማያውቅ ልጅ የማያውቀውን ፈልጎ አያገኝም፤ የተጣመመም ልማድ በጊዜው ካልተቃና በኋላ መከራ ያሳያል። ለዚህ መልስ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በአብያተ ክርስቲያናችን ትምህርት የዜማ ተማሪ ከመምህሩ አፍ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይቀበላል፤ እስኪዋሐደውም ድረስ ይደጋግመዋል። የቅኔ ተማሪ ግን የመምህሩን ቅኔ ከሰማ በኋላ ገለል ብሎ ብቻውን ይቈጥራል፤ የቈጠረውንም መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የጎደለውን ያቃናለታል። መምህሩ ስለ ተማሪው አይቈጥርለትም፤ ተማሪውንም ያለ እርማት አይተወውም። የፒያኖ መምህርም እነዚህን ሁለቱን ቤቶች በአንድ ክፍል ውስጥ ሊያኖራቸው ይገባል። የእጅ አቀማመጥና ምት እንደ ዜማው ቃል በቃል ይሰጡ፤ የዜማው ትርጓሜ ግን እንደ ቅኔው በተማሪው ይቈጠር። በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር ለእያንዳንዱ ልጅ ለይቶ ማወቅ የመምህርነት ጥበብ ነው።

ለእያንዳንዱ ልጅ ማለታችን በከንቱ አይደለም። ከቼርኒ ተማሪዎች አንዱ የሆነው ቴዎዶር ሌሸቲትስኪ በቪየና ዝነኛ መምህር በነበረበት ጊዜ አርቱር ሽናብልን አስተምሯል። ሽናብል በኋላ እንደ ተረከው፥ መምህሩ የርሱ ዝንባሌ ጣትን ከማሳየት ይልቅ ወደ ሙዚቃው ውስጠ ምሥጢር መሆኑን ተመልክቶ፥ ሌሎቹ በሚሄዱበት የታይታ መንገድ አልመራውም፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው የማይጫወታቸውን የሹበርትን ሶናታዎች እንዲያጠና መከረው። ሽናብልም ከጊዜ በኋላ የሹበርትና የቤትሆቨን ሶናታዎች ተርጓሚ ሆኖ ታወቀ። ሌሸቲትስኪ ተማሪውን በራሱ አምሳል ሊቀርጸው አልሞከረም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የመጨረሻው ነው። መምህሩ የሚያውቀውን ሁሉ ለተማሪው ሰጥቶ የጨረሰበት ቀን ይመጣል፤ ወይም ልጁ ይህን መሣሪያ ፈጽሞ የማይወድ፥ ለወላጆቹ ክብር ሲል ብቻ የሚቀመጥ መሆኑ ይገለጥለታል። በመጀመሪያው ጊዜ «ከእንግዲህ ከእኔ የሚበልጥ መምህር ያስፈልገዋል» ማለት፥ በሁለተኛው ጊዜ ለወላጆች እውነቱን በትሕትና መንገር ይገባል። በሁለቱም መምህሩ የወሩን ገቢ ያጣል። እኛ መምህራን በዚህ ቀን ምክንያት መፈለግ እንደማያቅተን ማመን አለብን። «ገና ነው፤ አንድ ዓመት ይቈይ» እንላለን፤ ይህም አንዳንዴ እውነት ነው፤ አንዳንዴ ግን የቤት ኪራያችን ነው የሚናገረው። ሁለቱን መለየት የሚችል ከራሳችን በቀር ማንም የለም።

ስለዚህ መምህርነቱን ሊያሻሽል የሚወድ ሰው አዲስ መጽሐፍና አዲስ ዘዴ ቢፈልግ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት አንድ ቀላል ምርመራ ያድርግ። ትምህርቱ አልቆ ደጁን ከዘጋ በኋላ ጥቂት ቆሞ ያዳምጥ። ከውስጥ የሚሰማው ዜማ ከመጀመሪያው ገጽ እየተጀመረ ያው ስሕተት ላይ የሚወድቅ ከሆነ፥ መምህሩ የሄደው ልጁን ባዶ እጁን ትቶ ነው። ነገር ግን ዜማው መካከል ላይ ቆሞ፥ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ ያችው አንዲት ልክ በዝግታ ስትደገም፥ እንደ ገናም ተቃንታ ስትሰማ፥ በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሌላ መምህር ተወልዷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሰውዬው ደስ ብሎት ይሂድ፤ ደመወዙን በእውነት በልቷልና።