በ«ዓለም» ዳር የቆመ መቃብር



በቼክ ሪፐብሊክ ደቡብ፣ ትርዤቦኝ በምትባል ጥንታዊት ከተማ አጠገብ፣ በ16ኛው ምእት ዓመት ለዓሣ እርባታ የተገደበ ሰፊ ኩሬ አለ። ስሙ «ስቭዬት» ነው፤ ትርጉሙም «ዓለም» ማለት ነው። ዙሪያውን 12 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ ይዞረዋል። በዚያ መንገድ የሚጓዝ ሰው በዛፎች መካከል ቤተ ክርስቲያን የሚመስል ከፍ ያለ ሕንፃ ያገኛል። ይህም የሽቫርዘንበርግ መሳፍንት የግል መካነ መቃብር ነው። «ዓለም»ን ሊዞር የወጣ ሁሉ በሙታን ደጅ ያልፋል።

ቤተሰቡ ያን አገር ከ1660 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገዝቶ ኖሯል። ልዕልት ኤሌኦኖራ በ1873 ካረፈች በኋላ ሕንፃው ከ1874 እስከ 1877 ተሠራ። የሬሳ ሣጥኖቹ በምድር ቤቱ ተቀምጠዋል፤ ከበላያቸው ቤተ ጸሎት አለ። በ1947 የወጣ ሕግ ግን የቤተሰቡን ርስት ለመንግሥት አስተላለፈ፤ ዛሬ መንገደኛው ቲኬት ቆርጦ ይጎበኘዋል። ለራስ ብቻ ተብሎ የታጠረ ነገር ለባለቤቱ አይጸናም። ከሣጥኖቹ በላይ መሠዊያ ማኖራቸው ግን ዛሬም ያስተምረናል፤ ሙታን ከእብነ በረድ ይልቅ መሥዋዕተ ቅዳሴን ይሻሉና።

የአርማትያስ ሰው ዮሴፍም ባለጸጋ ነበር። ለራሱ ያስወቀረውን አዲስ መቃብር ለጌታችን ለቀቀ (ማቴ. 27፡57-60)። ያ የአንድ ሰው መቃብር በሦስተኛው ቀን ባዶ ሆኖ ሲገኝ የሁላችን ተስፋ ሆነ።

እኛስ? ወላጆቻችንን በክብር እንቀብራለን፤ ሐውልት እናቆማለን፤ ለተዝካር ድግስ እንበደራለን። ይህን ሁሉ አድርገን ስለ ነፍሳቸው ቅዳሴ ማስቀደስን የዘነጋን ስንቶቻችን ነን? ስም በድንጋይ ላይ ይደበዝዛል፤ በመሠዊያው ፊት የሚታሰብ ስም ግን በእግዚአብሔር ዘንድ አይጠፋም። ቀባሪ ዘመድ ያልነበራቸውንም አንርሳ፤ በመንጽሔ ያሉ ነፍሳት የመስፍን ወይም የድኃ ተብለው ሳይለዩ ሁሉም ጸሎታችንን ይጠባበቃሉ።

እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1 እስከ 8 ባሉት ቀናት ንስሐ ገብቶና ቅዱስ ቁርባን ተቀብሎ መካነ መቃብር ለሚጎበኝ፣ ስለ ሙታንም ለሚጸልይ፣ ቤተ ክርስቲያን ለእነርሱ የሚተርፍ ምሉእ ሥርየት ትሰጣለች። እናንተ መምህራን ሆይ፣ በእነዚያ ቀናት ሕፃናቱን ወደ መካነ መቃብር ይዛችሁ ውጡ። ዘመድ ያልጎበኘው አንድ መቃብር ፈልጋችሁ በዚያ አብራችሁ ጸልዩ።

እኛም ዓለምን ዞረን ስናበቃ በዚያው ደጅ እንገባለንና፣ የሚጸልይልን ወገን እንዳናጣ ዛሬ ለሌሎች እንጸልይ። ጌታ ሙታናችንን በብርሃኑ ያሳርፍልን። አሜን።