መዝገብና አደባባይ

«መዝገብ» በግእዙ ሀብት የሚከማችበት ግምጃ ቤት ማለት ነው። «ዘገበ» አከማቸ፣ ሰበሰበ፣ አደለበ። ከዚሁ ግንድ ግን በዘመናችን «ዘገባ» የሚለው ቃል በቅሏል፤ ትርጉሙም ያዩትንና የሰሙትን ለሕዝብ ማሳወቅ ነው። እንግዲህ አንዱ ሥር ሁለት የማይስማሙ ቅርንጫፎች አውጥቷል፤ አንደኛው ቆልፎ ማኖር፣ ሁለተኛው ገልጦ መናገር። የፍርድ ቤት መዝገብ የቆመው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ የሕዝብ በሆነ ሥልጣን የተሰጠ ፍርድ፣ ተጽፎ ከመደርደሪያ ከዋለ በኋላ የማን ሀብት ነው? የተሟጋቾቹ? የመዝገብ ቤቱ? ወይስ የሕዝብ?

ጉዳዩ የሕግ ባለሙያዎችንና የመዝገብ ቤት ሠራተኞችን ብቻ የሚመለከት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ፍርድን ከጉልበት የሚለየው ምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው ሁሉ መድረሻው ከዚሁ መደርደሪያ ፊት ነው። ጉልበት ምክንያት አይቆጥርም። ፍርድ ግን ምክንያቱን ተናግሮ፣ የተናገረውም ሊመረመር ሲቻል ነው ፍርድ የሚሆነው። ምክንያቱ ተጽፎ የሚያነበው ከሌለ ከጉልበት የሚለየው የወረቀቱ መኖር ብቻ ይሆናል።

በአገራችን ፍርድና አደባባይ ለረጅም ዘመን ተለያይተው አያውቁም። አደባባይ መዋል ማለት ችሎት መዋል፣ ሙግት መስማት ማለት ነበር። ባላጋራዎች ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ከዳኛ ፊት ይቀርባሉ፤ «በላ ልበልሃ» ተባብለው በምሳሌ፣ በሰምና ወርቅ፣ በውርርድ ይሟገታሉ፤ አላፊ አግዳሚው ከቦ ያዳምጣል፤ ማን እንደረታና በምን ቃል እንደረታ አገር ይዞት ወደ ቤቱ ይገባል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ብሂል ከዚህ ኑሮ የተወለደ ነው። በቅሎ ታላቅ ሀብት ነው፤ ጭብጦ የአንድ ቀን ስንቅ ነው። ሰው ግን በቅሎው በምን ምክንያት እንደሄደች በጆሮው ከሰማ ይጽናናል፤ ጭብጦው ያለ ምክንያት ከተነጠቀ ሲያንገበግበው ይኖራል።

ይህን ማለታችን ያለፈውን ሥርዓት ለማወደስ አይደለም። ገባሩ ብዙውን ጊዜ የሚሟገተው ግብሩን ከሚቀበለው ሰው ፊት ነበር፤ ገዥውም ዳኛውም አንድ ነበሩና። ይሁን እንጂ የተበደለው ሰው ቢያንስ በደሉን ያየ ምስክር ነበረው። የዚያ አደባባይ ሌላው ጉድለት ምስክሩ ሟች መሆኑ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለውም ስለዚህ ነው።

ወሎ ሁለቱንም ታውቃለች። የወሎ አበጋሮች ደም ያፋሰሰውን ሲያስታርቁ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሜዳ ተቀምጦ፣ በዱዓና በምርቃት መካከል ነገሩ ሁሉ በግልጽ ይነገራል፤ ዕርቁ የሚጻፈው በተሰበሰበው ሰው ልቡና ላይ ነው። በሌላው ወገን ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1280 ገደማ የተጻፈ ወንጌል አለ። በዚያ ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ የገዳሙን ጉዳይና ንብረት የሚመለከቱ ማስታወሻዎች ሰፍረዋል። በሌሎችም ታላላቅ አድባራት የርስትና የጉልት ስጦታ፣ ሽያጭና ውል ከነምስክሮቹ ስም በወንጌል ኅዳግ ይጻፍ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወንጌል የሚጠበቅ፣ ግን ደግሞ በጉባኤ የሚነበብ መጽሐፍ ነው። አባቶች ውላቸውን ያኖሩት ተቆልፎ ከሚቀር ሣጥን ውስጥ ሳይሆን፣ ተጠብቆ ከሚገለጥ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

የዘመናዊው ፍርድ ቤት መዝገብስ? በ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በ1958 የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከወጡ ወዲህ ሙግታችን ከአንደበት ወደ ወረቀት ተሻግሯል። ክሱ ይጻፋል፣ መልሱ ይጻፋል፣ የምስክሩ ቃል ይጻፋል፣ ፍርዱ ይጻፋል። በመጨረሻም ዳኛው የተለመደውን ቃል ያሰፍራል፦ መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ። ለዳኛው ይህ የሥራው ፍጻሜ ነው። ለብዙ ሰው ግን የሌላ ሥራ መጀመሪያ ነው።

አንዲት የኮምቦልቻ እናት እናስብ። አባቷ ከብዙ ዓመት በፊት በቤትና በቦታ ጉዳይ ተሟግተው ረትተው ነበር፤ አሁን እርሳቸው በሕይወት የሉም፤ ድንበሩ እንደገና ተነሣ። ማስረጃው መዝገቡ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥታ ደሴ ትደርሳለች። መዝገብ ቤቱ ግን አባቷን አያውቃቸውም፤ የሚያውቀው የመዝገቡን ቁጥር፣ የተከፈተበትን ዓመት፣ የግራ ቀኙን ስምና ጉዳዩን የሰማውን ችሎት ነው። ነገሩ ያለቀው በወረዳ ፍርድ ቤት ነው? በይግባኝ ወደ ደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሷል? ወይስ የውርስ ጉዳይ ሆኖ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ታይቷል? ይህን የማታውቅ ከሆነ ከመስኮት መስኮት ትመላለሳለች። ማመልከቻ ጸሐፊው ይከፈለዋል፤ ለግልባጩ ይከፈላል፤ ለመሳፈሪያ ይከፈላል። እንግዲህ መዝገቡ ክፍት ነው ቢባል እንኳ ክፍት የሆነው ለማን ነው? ቁጥር ላወቀ፣ ፊደል ለቆጠረና ጊዜ ለተረፈው ነው። በር አለመቆለፉ ብቻ ቤቱን ክፍት አያሰኘውም።

ሕጉ በመርሑ አልነፈጋትም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በግልጽ ችሎት የመሰማት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ችሎቱ የሚዘጋው ለተከራካሪዎች የግል ሕይወት፣ ለሕዝብ ሞራልና ለአገር ደኅንነት ሲባል ብቻ ነው። አዋጅ ቁጥር 590/2000ም ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካላት ዘንድ የሚገኝ መረጃን የመጠየቅና የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጎ፣ የሌላውን ሰው የግል መረጃ የመሳሰሉትን ለይቶ አስቀርቷል። ከሁሉም በላይ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ የሚያስገድድ ሆኗል፤ ውሳኔዎቹም በቅጽ በቅጽ እየታተሙ ይሠራጫሉ። ይህ ማለት የሕጉ አንድ ክፍል የሚኖረው በመዝገብ ውስጥ ነው ማለት ነው። መዝገቡን ያላነበበ ሕዝብ የሚገዛበትን ሕግ አያውቅም።

ነገር ግን ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞውም ከባህላችን እምብርት የሚመነጭ ነው። ገመና! የሰው ገመና መሸፈን እንዳለበት ያላስተማረ የወሎ እናት የለችም። በመዝገብ ውስጥ የተፋቱ ባልና ሚስት ምሥጢር አለ፤ የተደፈረች ሕፃን ስም አለ፤ የወንድማማች ጥል፣ የበሽታ ማስረጃ፣ የድህነት ዝርዝር አለ። በታተሙት የሰበር ውሳኔዎች ውስጥ እንኳ የአመልካችና የተጠሪ ስም በግልጽ ይነበባል፤ በፍቺና በንብረት ክፍፍል ጉዳይ ሳይቀር። ደሴን በመሰለች፣ ሰው ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር በሚተዋወቅባት ከተማ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሕጉን ለመማር የእነዚያ ሰዎች ስም አያስፈልገንም።

ተቃውሞው እውነት ነው፤ የሚያስከትለው መደምደሚያ ግን መዝገቡን መቆለፍ አይደለም። በመዝገቡ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ የተሟጋቹ ቁስልና የዳኛው ምክንያት። ቁስሉ የባለቤቱ ነው፤ ሊሸፈን ይገባዋል። ምክንያቱ ግን የሕዝብ ነው፤ ዳኛ ሲፈርድ በሠራው ሥራ ላይ ገመና የለውም። የሕፃኒቱ ስም ይሸፈን፤ በደፈራት ሰው ላይ ይህን ያህል ቅጣት ብቻ የተወሰነበት ምክንያት ግን ይገለጥ። የሕዝብ ገንዘብ አጉድሎ የተፈረደበት ሹምም ገመናዬ ነው ብሎ ሊሸሸግ አይቻለው፤ የወሰደው የራሱን አይደለምና። ስለሆነም ማን መዝገብ ይይ ከማለት በፊት፣ መከፈቱ ዐይኑን የሚጥለው በማን ላይ ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። በሥልጣን ላይ ከሆነ ይከፈት፤ በቁስል ላይ ከሆነ ይሸፈን።

ደግሞም መቆለፍ ራሱ ሰው ይበድላል። አንድ መምህር ወይም ነጋዴ ተከሶ ቢታሰር ወሬው በዚያው ቀን ከተማውን ያዳርሳል። ከዓመት በኋላ ነጻ ቢወጣ ግን የሚያውቀው መደርደሪያው ብቻ ነው። ክሱ አደባባይ ውሎ ነጻነቱ መዝገብ ቤት ያደረበት ሰው፣ በወረቀት ከእስር ቢወጣም በጎረቤቶቹ አንደበት እንደታሰረ ይኖራል።

የዓለም ታሪክም የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። ዣን ዳርክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1431 በፈረንሳይ ሩዋን ከተማ በእሳት የተቃጠለችው በችሎት ተፈርዶባት ነው። የፈረዱባት ሰዎች ጸሐፊዎች ጥያቄና መልሷን እየተከታተሉ መዝግበው ነበር። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1456፣ ያ ፍርድ እንደገና ተመርምሮ ተሻረ፤ ከምርመራው ማስረጃዎች አንዱም ያው የከሳሾቿ መዝገብ ነበር። ወረቀቱ ለጻፉት ሰዎች ታማኝ አልሆነም፤ ለእውነት ሆነ። በኢጣልያ ፍሪዩሊ ይኖር የነበረውን ሜኖቺዮ የተባለ ወፍጮ ፈጪ ምን ያስብ እንደነበር ዛሬ የምናውቀውም፣ ታሪክ ጸሐፊው ካርሎ ጊንዝቡርግ የመናፍቃን ችሎት መዝገብ መርምሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 መጽሐፍ ስላሳተመ ነው። ነገሥታት ዜና መዋዕል ጸሐፊ አላቸው። ሠርቶ አደሩ ግን የራሱ አንደበት ተጽፎ የሚገኝበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የተከሰሰበት ወይም የከሰሰበት መዝገብ ነው። የኪነት ሰዎች ይህን ልብ ልንለው ይገባል። «በላ ልበልሃ» ከቴአትራችን ምንጮች አንዱ ነው ስንል፣ የዛሬው ተሟጋች አነጋገር የት ተጽፎ እንደሚገኝ መጠየቅ ግዴታችን ነው።

ወረቀት ደግሞ ይቃጠላል። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ እጅ ወድቀው በነበሩበት ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። የጠፋ ቅርስ ቢያንስ የሚያለቅስለት አለው። ባለቤቱ የማይታወቅ፣ አንባቢም ያላየው መዝገብ ግን ቢጠፋ መጥፋቱን የሚያውቅ አይኖርም። ተዘግቶ የተቀመጠ ነገር ተጠብቋል ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚያውቀውና ግልባጩ በብዙ ቦታ የሚገኝ መዝገብ ነው ከእሳት የሚተርፈው።

ስለዚህ ሥራው የዳኞች ብቻ አይደለም። በአስተዳደር ላይ ያለው ካድሬ በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ መዝገብ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ምን እንደሚያስፈልግና ስንት እንደሚከፈል በጉልህ ፊደል እንዲለጠፍ፣ ማንበብ ለማትችለውም እናት የሚያነብላት ሠራተኛ እንዲመደብ ሊተጋ ይችላል። መምህሩ ተማሪዎቹን አንድ የሰበር ውሳኔ አስነብቦ፣ ዳኞቹ ምክንያታቸውን ከየት ጀምረው የት እንዳደረሱት ሊያከራክራቸው ይችላል። የኪነት ሰው ደግሞ ከመዝገቡ የሰውን ስም ትቶ የሰውን አንደበት ሊወስድ ይችላል። ያቺ የኮምቦልቻ እናት ግልባጩን ይዛ ሐረጎን ስትወርድ በእጅዋ ያለው የአባቷ ድንበር ብቻ አይደለም፤ ፍርድ በዚህች አገር ምክንያት እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ ነው።